ጾምና በሽታን የመከላከል አቅም በወረርሽኝ ጊዜ

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ዕለቱ ዓርብ ነበር። በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮሮና ቫይረስ ታማሚ መገኘቱ በዚያ ዕለት ለሕዝብ ሲገለጽ፣ ዐቢይ ጾም ከገባ 19ኛ ቀኑን ይዞ ነበር። በምሥራቅ ጎጃም ዞን የደባይ ጥላት ግን ወረዳ መቀመጫ በሆነችው በቁይ፣ እንደ ሌላው የጎጃም ደጋ ሁሉ፣ ወቅቱ አብዛኛው ጎልማሳ እስከ ቀኑ 9 ሰዓት እህል ውሃ ሳይቀምስ የሚውልበት ነው። ወረርሽኙ የመጣው ማዕዱ ከጥሉላት በጸዳበት፣ የቤተ ክርስቲያኑ ቅጽርም ከወትሮው ይልቅ ሰው በሚበዛበት ሰሞን ነበር።

ወዲያውም እርስ በርሳቸው የሚጣሉ ሁለት አባባሎች በየአካባቢው ከአፍ ወደ አፍ ይዞሩ ጀመር። አንደኛው «ጾመኛን በሽታው አይደፍረውም» የሚል ነው። ሁለተኛው «ባዶ ሆድ በሽታ ይጠራል፤ ዘንድሮስ ጾሙ ይቅር» ይላል። የፊተኛው ሰውን ከእጅ መታጠብና ከመራራቅ የሚያዘናጋ ነው። የኋለኛው ደግሞ ጤነኛውን ሰው ያለ በቂ ምክንያት ከሃይማኖታዊ ግዴታው ጋር ያጋጫል። ሁለቱም የሚሳሳቱት ጾምን እንደ አንድ ነገር በመቁጠራቸው ነው። በጤና ዓይን ሲታይ ግን ጾም ሦስት ነገሮችን ያቀፈ ነው፤ ከምግብ የሚታቀቡበት ሰዓት፣ ሰዓቱ ሲደርስ በገበታ ላይ የሚቀርበው ምግብ፣ እንዲሁም የጾመኛው የጤና ሁኔታ ናቸው። በሽታን ከመከላከል አቅም ጋር ያለው ዝምድና በአመዛኙ የሚወሰነው በመጀመሪያው ሳይሆን በሁለተኛውና በሦስተኛው ነው።

ጉዳዩ የአንድ ወቅት ብቻ እንዳልሆነም ማስተዋል ይገባል። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሰባት የዐዋጅ አጽዋማት አሏት። 55 ቀን ያለው ዐቢይ ጾም፣ ኅዳር 15 የሚገባው ጾመ ነቢያት፣ ከነሐሴ 1 ጀምሮ ለ15 ቀን የሚጾመው ፍልሰታ፣ ሌሎቹም ከረቡዕና ከዓርብ ጋር ሲደመሩ ምእመኑ በዓመት እስከ 180 ቀን ያህል፣ ካህናትና መነኮሳት ደግሞ እስከ 250 ቀን ያህል ይጾማሉ። ከዓመቱ እኩሌታው የጾም ቀን በሆነበት አገር ማንኛውም ወረርሽኝ ከጾም ጋር መገናኘቱ አይቀርም። በኅዳር 1911 ዓ.ም. አዲስ አበባን የመታውና አልጋ ወራሹን ራስ ተፈሪን ሳይቀር የአልጋ ቁራኛ ያደረገው የኅዳር በሽታም ጾመ ነቢያት በሚገባበት ወር ነበር የበረታው። በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ሰብስቦ ማጨስ ከዚያ ዘመን ጋር የተያያዘ መታሰቢያ ነው።

ሰዓቱ

ከምሽቱ 2 ሰዓት ራቱን የበላ ሰው በማግስቱ እስከ 9 ሰዓት ቢጾም፣ ያለ ምግብ የሚቆይበት ጊዜ 19 ሰዓት ይሆናል። በውጭው ዓለምና በአዲስ አበባ ክብደት ለመቀነስ የሚሹ ሰዎች የሚከተሉት በሰዓት የተገደበ አመጋገብ አብዛኛውን ጊዜ 16 ሰዓት ከምግብ መታቀብና በቀሪው 8 ሰዓት ውስጥ መመገብ ነው። የቁይ ዙሪያ ገበሬ በሁዳዴ የሚጾመው ከዚህ ይረዝማል፤ ያውም በሬ ጠምዶ፣ ዳገት ወጥቶ ቁልቁለት ወርዶ ነው።

በእነዚህ ሰዓታት ሰውነት ሥራውን አያቋርጥም። ጉበት ከምግብ የተረፈውን ስኳር አጠራቅሞ ይይዛል፤ ምግብ በማይገባበት ጊዜ ከዚህ ክምችት ለአንጎልና ለጡንቻ ያካፍላል። ክምችቱ ጎተራ ውስጥ እንዳለ እህል ስለሆነ እየወጣ ይጎድላል፤ እንደ ሰውየው የሥራ ጫናም በአንድ ቀን ገደማ ውስጥ ያልቃል። ጎተራው ሲጎድል ሰውነት ወደ ስብ ይዞርና እሱን እያቀለጠ ኃይል ያመነጫል። ለጤነኛ ጎልማሳ ይህ ሽግግር የተለመደና ጉዳት የሌለው ነው።

በሽታን የመከላከል ተግባር ያላቸው ነጭ የደም ሴሎችም በጾም ጊዜ ለውጥ ያሳያሉ። ለሰዓታት በጾሙ ጤነኛ ሰዎች ደም ውስጥ ሞኖሳይት የተባሉት ነጭ የደም ሴሎች ቁጥራቸው ይቀንሳል፤ ሰውየው ሲመገብ ይመለሳል። በአይጦች ላይ እንደታየው ሴሎቹ አልጠፉም፤ በአጥንት መቅኔ ውስጥ ይቆያሉ። ይህም በሰውነት ውስጥ ያለ አላስፈላጊ መቆጣትን ሊያረግብ እንደሚችል ይታመናል። ከዚህ ሌላ ሴሎች ያረጀውን ክፍላቸውን ራሳቸው አፍርሰው መልሰው የሚጠቀሙበት አሠራር አለ። ጃፓናዊው ሳይንቲስት ዮሺኖሪ ኦሱሚ ይህ አሠራር እንዴት እንደሚከናወን በእርሾ ላይ መርምረው በማሳየታቸው እ.ኤ.አ. በ2016 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። ምግብ ሲጎድል ይህ የማጽዳት ሥራ እንደሚጠነክር በእርሾና በእንስሳት ላይ ታይቷል። «ጾም በሽታን ያባርራል» የሚሉ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚጠቅሱትም ይህንኑ ግኝት ነው።

ነገር ግን ከእርሾ ተነሥቶ ቫይረስ በተጋረጠበት ሰው ላይ መፍረድ እጅግ ረጅም ዝላይ ነው። የመቆጣት መርገብ አንድ ነገር ነው፤ በቫይረስ አለመያዝ ሌላ ነገር ነው። የኮሮና ቫይረስ የሚገባው በአፍንጫ፣ በአፍና በዓይን በኩል ነው፤ በመንገዱም ላይ ሆዱ ባዶ ነው ወይስ ሙሉ ብሎ አይጠይቅም። የዓለም ጤና ድርጅት በሚያዝያ 2012 ዓ.ም. ለረመዳን ጾም ባወጣው መመሪያ፣ ጾምና በኮቪድ የመያዝ ዕድል ያላቸው ዝምድና በጥናት እንዳልተፈተሸ ገልጾ፣ ጤነኞች እንደ ቀድሞው ዓመታት መጾም እንደሚችሉ፣ በበሽታው የተያዙ ግን ከሐኪማቸው ጋር ተመካክረው ሃይማኖታቸው በፈቀደላቸው መሠረት ጾማቸውን መግደፍ እንደሚችሉ አስታውቋል። ለኦርቶዶክሳውያን አጽዋማትም ከዚህ የተለየ ምክር የሚያሰጥ የሕክምና ምክንያት የለም።

ስለ ሰዓቱ አንድ ነገር ማከል ይበቃል። ጾሙ ውሃንም የሚጨምር በመሆኑ፣ 9 ሰዓት ከሞላ በኋላ እስከ መኝታ ድረስ ንጹሕ ውሃ ደጋግሞ መጠጣት ያስፈልጋል። የውሃውን ቦታ ጠላ አይተካውም። አረቄማ ጭራሽ አይታሰብም። እጅ የሚጸዳበት አልኮል ቫይረሱን ስለሚገድል አረቄ መጠጣትም ይገድለዋል የሚለው ወሬ መሠረተ ቢስ ነው፤ በባዶ ሆድ የተጠጣ አረቄ የሚጎዳው ጨጓራንና ጉበትን ነው።

ገበታው

በጎጃም ደጋ የጾም ገበታ በወጉ ሲሰናዳ በሽታን ለመከላከል የሚያስፈልጉትን ንጥረ ነገሮች አብዛኞቹን ይይዛል። ሰውነት ቫይረስን የሚዋጉ ፀረ እንግዳ አካላትን የሚሠራው ከፕሮቲን ነው። የጤፍ እንጀራ ከባቄላ፣ ከአተር፣ ከሽምብራ ሽሮ ወይም ከምስር ወጥ ጋር ሲበላ፣ በእህሉ ውስጥ የጎደለውን የፕሮቲን ዓይነት ጥራጥሬው ይሞላዋል፤ በጥራጥሬው የጎደለውን ደግሞ እህሉ ይሞላዋል። ሊጡ ለቀናት መቡካቱም ለጣዕም ብቻ አይደለም። በእህል ውስጥ ብረትንና ዚንክን አስሮ የሚይዝ ንጥረ ነገር አለ፤ እርሾው እሱን እየሰበረ ማዕድኖቹ ወደ ደም እንዲገቡ ይረዳል። ባቄላና ሽምብራን ነክሮ በቆልት ማድረግም ይህንኑ ጥቅም ይሰጣል።

ጎመን በቫይታሚን ኤ ምንጭነቱ የመተንፈሻ አካላትን የውስጥ ሽፋን ይጠብቃል፤ ይሁንና ይህ ቫይታሚን ያለ ቅባት ወደ ሰውነት በቅጡ አይገባም። ስለዚህ ጎመኑ በጥቂት ዘይት ይሠራ፤ ዘይት ከሌለ ተልባ፣ ሱፍ፣ ኑግ ወይም ሰሊጥ በገበታው ላይ ይኑር። ሎሚ ጠብ ማድረግ ብረቱን ያቀላጥፋል። ቡናና ሻይ በአንጻሩ ብረትን ይይዛሉ፤ ከማዕድ በኋላ ወዲያው ከመጠጣት አንድ ሰዓት ያህል ማቆየት ይበጃል። በጎጃም ቤት የጀበናው ቡና ከገበታው እግር በእግር እንደሚከተል ይታወቃል፤ ምክሩ ቡናው ይቅር የሚል ሳይሆን ጥቂት ይቆይ የሚል ነው።

በጾም ገበታ ላይ ጨርሶ የማይገኘው ቫይታሚን ቢ12 ነው፤ እሱ የሚገኘው ከእንስሳት ተዋጽኦ ብቻ ነው። ጤነኛ ጎልማሳ በጉበቱ ለረጅም ጊዜ የሚበቃ ክምችት ስለሚኖረው 55 ቀን አይጎዳውም። በፍስኩም ወራት ወተት፣ ዕንቁላልና ሥጋ እምብዛም የማያገኝ ሰው ግን ክምችቱ ሳይሞላ ሌላ ጾም ይገባበታል። ችግሩ ከጾሙ ይልቅ የፍስኩ ድህነት ነው ማለት ይቻላል።

እዚህ ላይ ሊሸፋፈን የማይገባው እውነት አለ። ብዙ ቤት የሚጾመው በባለ ብዙ ዓይነት በያይነቱ ሳይሆን እንጀራን በድልህ፣ ወይም ቆሎ ቆርጥሞ ውሃ በመጠጣት ነው። በዚህ ዓይነት የሚጾም ሰው በሽታን የመከላከል አቅሙ ቢደክም የሚደክመው 9 ሰዓት ድረስ ስለቆየ አይደለም፤ 9 ሰዓት ሲሞላ በቂ ምግብ ስላልጠበቀው ነው። ለእንዲህ ያለው ቤት ከሁሉ በፊት የሚያስፈልገው ሽሮ ነው። የሽሮው ዓይነትም ልብ ይባል። ጓያ ዋጋው ርካሽ፣ ድርቅም የማይበግረው በመሆኑ በችግር ጊዜ ዋና ምግብ እስከ መሆን ይደርሳል። ለወራት ዋና ቀለብ ሲሆን ግን እግርን አሽመድምዶ የሚያስቀር፣ መድኃኒትም የሌለው ጉዳት ያስከትላል። ጓያ የግድ ከሆነ በሙቅ ውሃ ዘፍዝፎ ውሃውን መድፋት፣ ከሌላ ጥራጥሬና እህል ጋርም ቀላቅሎ መጠኑን ማሳነስ ያስፈልጋል።

ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና ፌጦ ጥሩ ማጣፈጫዎች ናቸው። በኮቪድ መጀመሪያ ሰሞን እንደተወራላቸው ግን መከላከያም መድኃኒትም አይደሉም፤ በባዶ ሆድ አብዝቶ መውሰዳቸውም ጨጓራን ያቃጥላል።

ትኩሳት የጀመረው ሰው

እስካሁን የተነገረው ሁሉ ለጤነኛ ሰው ነው። ሰውየው የታመመ ዕለት ነገሩ ይለወጣል።

የሰውነት ሙቀት በአንድ ዲግሪ ሴልሺየስ በጨመረ ቁጥር ሰውነት የሚያቃጥለው ኃይል ወደ 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። ሦስት ዲግሪ የጨመረ ትኩሳት ያለበት ታማሚ ተኝቶ እንኳ ሥራ እንደሚሠራ ሰው ኃይሉን ያወጣል። በላብና በፈጣን ትንፋሽ ውሃ ያጣል። ሰውነቱ ያን ጊዜ ምግብ ካላገኘ ጡንቻውን እያፈረሰ ይጠቀማል፤ ለመተንፈስና ለማሳል የሚያገለግለው ጡንቻም አይቀርለትም። እ.ኤ.አ. በ2016 በአሜሪካ በየል ዩኒቨርሲቲ በአይጦች ላይ የተደረገ ጥናት አስገራሚ ልዩነት አሳይቷል። በአንድ ዓይነት ባክቴሪያ የታመሙት አይጦች ሲመገቡ ጉዳታቸው በረታ፤ በኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ የታመሙት ግን ምግብ ማግኘታቸው ከሞት ጠበቃቸው። የአይጥ ጥናት በቀጥታ የሰው ሕግ አይሆንም። ቢሆንም «በሽታውን በጾም አደርቀዋለሁ» የሚል የጉንፋን ወይም የኮቪድ ታማሚ የሚደገፍበት ማስረጃ እንደሌለው ያስረዳል።

ታማሚ የምግብ ፍላጎቱ መዘጋቱ የበሽታው ጠባይ ነው። ስለዚህ በአንድ ጊዜ ብዙ ከማቅረብ ይልቅ በየሁለት ሰዓቱ ትንሽ ትንሽ መስጠት ይሻላል። የአጃ ወይም የገብስ አጥሚት፣ ቀጠን ያለ ሽሮ፣ የተፈጨ ድንች፣ ሲገኝም ወተት፣ ዕንቁላልና የሥጋ መረቅ ይሰጠው። ወረርሽኙ ኮሌራ ወይም ሌላ አጣዳፊ ተቅማጥ ከሆነ ነገሩ የሰዓታት ጉዳይ ነው። አንድ ከረጢት ኦአርኤስ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ በጥብጦ ወዲያውኑ፣ ሳያቋርጡ እያጠጡ ወደ ጤና ተቋም መውሰድ ያስፈልጋል። ኦአርኤስን እስከ 9 ሰዓት ማቆየት ሰውን ሊገድል ይችላል።

የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ሕሙማንን ከጾም ግዴታ ነፃ ያደርጋል። እስልምናም እንዲሁ ለታመመና ለመንገደኛ ፈቅዷል። ይህን የማያውቅ ጎልማሳ በጎጃም እምብዛም አይገኝም፤ ፈተናው ከዕውቀት ማነስ አይመጣም። ከሕፃንነታቸው ጀምሮ አንዲት ረቡዕና ዓርብ ሳይገድፉ ያረጁ እናት፣ ትኩሳት ይዟቸው አልጋ ላይ ሳሉ ልጃቸው አጥሚት ይዛ ብትቀርብ «ዕድሜዬን የጾምኩትን ዛሬ ልፍታ? 9 ሰዓት ይሙላልኝ» ይላሉ። ለእርሳቸው ነገሩ የምግብ ጉዳይ አይደለም፤ የኅሊና ጉዳይ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ስለ ትኩሳትና ስለ ኃይል ብታስረዳቸው አንገታቸውን ነቅንቀው ይሰሟታል እንጂ ጽዋውን አያነሡም። የሚያነሡት የንስሓ አባታቸው «ብሉ፤ ጠጡ፤ መድኃኒቱንም ውሰዱ» ሲሏቸው ነው። ስለዚህ አረጋዊ ታማሚ ያለበት ቤት ከሐኪሙ ጎን ለጎን ለንስሓ አባት ሊነግር ይገባል። ተላላፊ በሽታ ከሆነ ካህኑ በአካል መምጣት የለባቸውም። በስልክ የሚነገረው ቃል በቂ ነው፤ በስልክ የማይደረስበት ቀበሌ ከሆነ ደግሞ ካህኑ ጭምብል አድርገው፣ ከደጅ ራቅ ብለው ቆመው ሊናገሩ ይችላሉ።

ካህናቱ ከዚህ ቀደም ብለው ቢያስተምሩ ደግሞ ይበልጥ ይጠቅማል። ጾም በሚገባበት ሰንበት በዐውደ ምሕረት ላይ «ዘንድሮ ትኩሳት የያዘው ሰው ሳይጠይቀኝም ይብላ» የሚል ቃል አስቀድሞ ከተሰማ፣ ታማሚው በታመመ ዕለት ከኅሊናው ጋር ሲከራከር ውድ ሰዓታት አያልፉበትም።

ጠበል የሚጠጣም ሰው የታዘዘለትን መድኃኒት ማቋረጥ የለበትም። ትንፋሽ ማጠር፣ የማያቋርጥ የደረት ሕመም ወይም ጫና፣ መደናገር፣ የከንፈር መጥቆር፣ ውሃ እንኳ መጠጣት አለመቻል ከታየ ጾሙ እስኪፈታ የሚጠበቅ ቀጠሮ የለም። በአቅራቢያ ወዳለው ጤና ጣቢያ፣ ከዚያም በሪፈር ወደ ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል።

ያገገመ ሰው ወደ ጾሙ መቼ ይመለስ የሚለው ብዙ ጊዜ ይጠየቃል። ትኩሳቱ ስለለቀቀ ብቻ አይበቃም። የምግብ ፍላጎቱ ተመልሶ፣ እንደ ቀድሞው ሲራመድ ትንፋሽ የማያጥረው፣ የከሳው ሰውነቱም መሙላት የጀመረ ሲሆን ነው። ይህ ለአንዳንዱ ሳምንት፣ ለሌላው ከወር በላይ ሊወስድ ይችላል።

እናቶችና ሕፃናት

በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በአማራ ክልል ከ5 ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 46 በመቶ ያህሉ የቀነጨሩ መሆናቸውን አሳይቷል። በአገር አቀፍ ደረጃ የነበረው 38 በመቶ ነው። እህል የሚያበቅል ደጋ ይዞ ከሁሉ የበለጠ የቀነጨረ ሕፃን ያለበት ክልል መሆን ቆም ብሎ ሊያሳስብ የሚገባ ነው። የቀነጨረ ሕፃን ኩፍኝም፣ ተቅማጥም፣ የሳምባ ምችም ሲመጣ ቀድሞ የሚጠቃው እሱ ነው።

ሕፃናት የጾም ግዴታ የለባቸውም፤ በልማዱ ጾም የሚጀመረው ከ7 ዓመት ወዲህ ነው። በተግባር ግን ብዙ ሕፃናት ሳይታወቅባቸው ይጾማሉ። እናት ድስቱና ማንኪያው በጥሉላት እንዳይነካ ስትሠጋ ለሕፃኑም የጾም ምግብ ብቻ ትሰጣለች፤ የዶሮዋ ዕንቁላልና የላሟ ወተትም ወደ ገበያ ይሄዳል፣ ወይም ለፋሲካ ቅቤ ይጠራቀማል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ለሕፃኑ አንዲት ትንሽ ድስት፣ አንድ ሳህንና አንድ ማንኪያ ለብቻ ትቀመጥለት። ከሚሸጡት ዕንቁላሎች በቀን አንዱ የሕፃኑ ይሁን። አባትም ይህን የቤቱ ደንብ አድርጎ ቢያጸናው እናት ከጎረቤት ዓይን ትድናለች።

ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት ለሁለት ነፍስ የምትመገብ ስለሆነች ከሌላው ጊዜ የተጨመረ ምግብ ያስፈልጋታል፤ ሰዓት አርዝማ መጾም አይመከርም። የምታጠባ እናት ቢ12 ካነሳት ሕፃኑም ከጡቷ የሚያገኘው ያንሳል። ንስሓ አባቷን አስቀድማ እንድታማክር፣ የታዘዘላትንም የብረትና ፎሊክ አሲድ እንክብል እንዳታቋርጥ ይመከራል።

መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች

የስኳር ሕመምተኛ ኢንሱሊን ወይም ስኳር የሚያወርድ ኪኒን ወስዶ ሳይበላ ከዋለ የደም ስኳሩ በአደገኛ ሁኔታ ሊወርድ ይችላል። ላብ ላብ ማለት፣ መንቀጥቀጥ፣ የልብ ምት መፍጠንና መደናገር ምልክቶቹ ናቸው። ሰዓቱ ስንትም ይሁን ወዲያው ስኳር ወይም ማር በውሃ በጥብጦ መጠጣት ግዴታ ነው፤ ራሱን የሳተ ሰው ግን በአፉ ምንም ሳይሰጠው በፍጥነት ወደ ሕክምና ይወሰድ። መድኃኒቱን ራስ ቀንሶ ወይም አቁሞ መጾምም ያው አደጋ አለው። ጾም ከመግባቱ በፊት ወደ ጤና ተቋም ሄዶ መጾም ይቻል እንደሆነ፣ ከተቻለም መጠኑና ሰዓቱ እንዴት እንደሚስተካከል መጠየቅ ይገባል። የሳንባ ነቀርሳና የኤች አይ ቪ መድኃኒት የሚወስዱም ሰዎች በጾም ምክንያት አንድ ቀን እንኳ ሊዘሉ አይገባም፤ የተዘለለ መድኃኒት በሽታው እንዲለምደው በር ይከፍታል።

መሶቡና ቅጽሩ

በጾም ሰሞን በሽታን የሚያዛምተው ከባዶ ሆድ ይልቅ መሰብሰቡ ነው። 9 ሰዓት ሲሞላ ቤተሰቡ በአንድ መሶብ ዙሪያ ይከባል፤ በሰንበቴና በማኅበር ደግሞ ጎረቤት ይጨመራል። ከመብላት በፊት እጅ ማስታጠብ የቆየ ደግ ልማድ ነው። የጎደለው ሳሙና ነው፤ ሳሙና ሲታጣም ንጹሕ አመድ ያገለግላል። ወረርሽኝ ባለበት ጊዜ ለየብቻ ሳህን መብላት፣ ጉርሻንም ለሌላ ጊዜ ማቆየት ያስፈልጋል። ጉርሻ አለመስጠት ለጎጃም እናት ፍቅር የነፈገች ያህል እንደሚከብዳት የታወቀ ነው፤ ወረርሽኝ ግን ይህን ያህል ይጠይቃል።

የ2012 ዓ.ም. ሕማማትና ሚያዝያ 11 የዋለውን ፋሲካ ብዙ ምእመናን በቤታቸው ሆነው አሳለፉ። ከአምስት ቀን በኋላ ሚያዝያ 16 ቀን የገባውን ረመዳን ሙስሊሞችም እንዲሁ። ቅጽር መግባት ሲፈቀድም ሁለት የአዋቂ እርምጃ መራራቅ፣ ጭምብል ማድረግና በደጅ መቆም ይመከራል። አፍን በነጠላ መሸፈን ባህል ቢሆንም ሳሳ ያለ ነጠላ ጭምብልን አይተካም። በፋሲካ ዋዜማ ለቅርጫ የሚሰበሰበውም ሰው ይህንኑ ይጠብቅ፤ ሥጋ ለመከፋፈል አራት ሰው ይበቃል።

ክትባትና ጾም

የመጀመሪያው 2.2 ሚሊዮን ያህል የአስትራዜኒካ ክትባት ኢትዮጵያ የገባው የካቲት 28 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ ዐቢይ ጾም ሊገባ አንድ ቀን ሲቀረው ነበር። ክትባቱም መጋቢት 4 ቀን፣ የመጀመሪያው ታማሚ በተገኘ በዓመቱ፣ ገና በጾሙ የመጀመሪያ ሳምንት መሰጠት ጀመረ። ከጾም ጋር የተያያዘው ጥያቄም አብሮ መጣ።

ክትባት በክንድ ጡንቻ ላይ የሚሰጥ መርፌ እንጂ ምግብ ወይም መጠጥ አይደለም። ባዶ ሆድ መሆንም ክትባቱን ለመከልከል ምክንያት አይሆንም። ሆኖም ሳይበላና ሳይጠጣ ረጅም መንገድ በእግር የመጣ ሰው መርፌ ሲወጋ ራሱ ሊዞር ይችላል፤ ይህ ከክትባቱ ሳይሆን ከድካሙና ከፍርሃቱ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ጥላ ሥር አርፎ፣ ተቀምጦ ይከተብ፤ ከተከተበም በኋላ 15 ደቂቃ ሳይነሣ ይቆይ። የሚቻል ከሆነ ቀጠሮውን ከ9 ሰዓት በኋላ ማድረግ፣ ወይም ጾም በሌለበት ቀን መምጣት ይቀላል። ጤና ኬላዎችም በጾም ወራት የክትባት ሰዓታቸውን ከቅዳሴ መውጫ ጋር ቢያስማሙ ሰው አይቀርባቸውም። ከክትባቱ በኋላ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ትኩሳትና ቁርጥማት ቢመጣ፣ ለታማሚ የተነገረው ለተከታቢውም ይሠራል፤ ትኩሳቱ እስኪለቅ ይብላ፣ ይጠጣ፤ ከዚያ ወደ ጾሙ ይመለስ።